ወኪል ሲላክ ምን ተጽፎ ይሰጠዋል? ከመተማ ድንበር እስከ ኤአይ ወኪሎች

ሰሞኑን በቴክኖሎጂው ሰፈር መነጋገሪያ የሆነ ነገር አለ። የኤአይ ፕሮግራሞች ጥያቄ ከመመለስ አልፈው በሰው ፈንታ ሥራ መሥራት ጀምረዋል። ኢሜይል ይልካሉ፣ ፋይል ከፍተው ያርማሉ፣ የመሥሪያ ቤት የሥራ ዝርዝር ያስተካክላሉ። ፈረንጆቹ «ኤጀንት» ይሏቸዋል። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ድሮም ነበር፦ ወኪል።

ወኪል ካለ ደግሞ አንድ የቆየ ጥያቄ ይመጣል። አጠገቡ በማትሆንበት ቦታ በስምህ ለሚሠራ ሰው ምን ጽፈህ ትሰጠዋለህ? ይህን ጥያቄ ለማጥናት ሲሊከን ቫሊ መሄድ አያስፈልግም። መተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ባለፉት 150 ዓመታት ያዩት መከራ ትልቁ ክፍል ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩንና ቴክኖሎጂውን አንድ ላይ እናንሳቸው።

መጀመሪያ ቴክኖሎጂው በአጭሩ

አንድ የሥራ ዝርዝር ማረሚያ መሣሪያ እንውሰድ። በዝርዝሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሥራ ርዕስ፣ ማብራሪያ፣ ኃላፊ፣ የመጨረሻ ቀን፣ እንዲሁም «አልተጀመረም»፣ «በሂደት ላይ» ወይም «ተጠናቀቀ» የሚል ሁኔታ አለው። የኤአይ ወኪሉ ከእነዚህ አንዱን መለወጥ ሲፈልግ መሣሪያውን ይጠራል።

ልብ በሉ፤ ወኪሉ የመሣሪያውን ሆድ ዕቃ አያይም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ እና የሚሞሉ ቦታዎችን ዝርዝር ከነማብራሪያቸው ነው። ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 ለፕሮግራም ሠሪዎች ከፈተ። አንትሮፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለ የጋራ ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው አንባቢው ሰው ያልሆነ መመሪያ ሲጽፍ ይውላል።

ሰው መመሪያ ሲያነብ የጎደለውን በልምዱ ይሞላል፣ ግራ ሲገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል። ማሽኑም ይሞላል፤ ነገር ግን በግምት ነው፣ ያውም በፍጥነትና በሙሉ ልብ።

እንበል በገንዳ ውኃ ከተማ ያለ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ የሥራ ዝርዝሩን ለእንዲህ ያለ ወኪል ሰጠ። ከሥራዎቹ አንዱ «40 ኩንታል ሰሊጥ ወደ ጎንደር ማስጫን፤ ኃላፊ፦ የመጋዘኑ ሠራተኛ፤ ቀን፦ ኅዳር 20» ይላል። ነጋዴው «ቀኑን ወደ ኅዳር 25 ቀይረው» ብሎ ያዛል። ወኪሉ አዲሱን ቀን ይሞላና ሌላውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ባዶ ማለት «እንደነበረ ይቆይ» ነው ወይስ «ይሰረዝ»? አንዳንዱ መሣሪያ እንዲህ ይረዳዋል፣ ሌላው እንዲያ። መመሪያው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ካልነገረው የኃላፊው ስም ሊጠፋ ይችላል። ኅዳር 25 ይደርሳል፣ መኪናው ይመጣል፣ የሚያስጭን ሰው የለም። ወኪሉ ግን ሥራውን እንደፈጸመ ሪፖርት አድርጓል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ ያልነበረበትን ጊዜ እንይ።

አንድ ሹም፣ ሁለት ጌታ

በ19ኛው መቶ ዘመን መተማ የታወቀ የድንበር ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡና፣ ማርና ሰም ይወርዳል፣ ከሱዳን ጥጥና ሸቀጥ ይመጣል፣ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ቦታውን ያስተዳድሩ የነበሩት ከዳርፉር ወገን መጥተው የሰፈሩት የተክሩር ሼሆች ናቸው። በዘመኑ በዚያ ያለፉ መንገደኞች እንደመዘገቡት የመተማው ሼህ ለግብፅ መንግሥትም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍል ነበር።

ይህ ለገበያው ሰላም የሚበጅ ብልሃት ነበር። ሁለቱም ጌቶች «ሹሙ የእኔ ነው» ይላሉ፣ ሹሙም ለሁለቱም «አዎ» ይላል። ሁለቱ እስካልተጣሉ ድረስ ነገሩ ይሄዳል። በተጣሉ ጊዜ ግን ማን ይበልጣል የሚለው የትም አልተጻፈም። ግብፆች በ1860ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገፉ፣ በኋላም ማሕዲስቶች የግብፅን አገዛዝ ሲያፈርሱ፣ መተማ የጦር ሜዳ ሆነች።

በዛሬው ቋንቋ፦ አንድን የሥራ ዝርዝር ሁለት ወኪሎች በአንድ ጊዜ ሲያርሙት ወይም አንድ ወኪል ከሁለት አለቃ ትዕዛዝ ሲቀበል መመሪያው ቅደም ተከተሉን ካልተናገረ ቀኑን ሙሉ ሰላም ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ትዕዛዞቹ የተጋጩ ዕለት ነው። ያን ጊዜ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል፣ የፊተኛው ባለቤትም አይሰማም።

ከመተማ እስከ ውጫሌ 53 ቀን

ማሕዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ገብተው አቃጠሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቀጣዩ ዓመት ጦራቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1889) ጦርነቱ ለኢትዮጵያ ሊያደላ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ተመቱ፤ በማግሥቱ አረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ። ዛሬ ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ስም ነው።

በ53ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከኢጣሊያኑ ልዑክ ከፒዬትሮ አንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። ውሉ በድርድር ላይ የቆየ ቢሆንም ጊዜውን የወሰነው የመተማው ሞት ነው። ዙፋኑ ባዶ ነበር፤ ምኒልክ እውቅናና መሣሪያ ይፈልጋሉ፣ ኢጣሊያ ደግሞ ከምጽዋ ወደ ደጋው መውጣት ትፈልጋለች።

አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን አንቀጹ ስለ ምን እንደሚናገር ቆም ብለን እናስበው። የሚናገረው ስለ ውክልና ነው። ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ኢጣሊያ መልእክቷን እንድታደርስላት። ኢጣሊያ በዚህ አንቀጽ ወኪል ናት፣ ምኒልክ ላኪ ናቸው። በአማርኛው ቅጂ የምኒልክ ፈቃድ በ«ይቻላቸዋል» ተገልጿል፤ ከፈለጉ ይጠቀማሉ፣ ካልፈለጉ ይተዋሉ። በኢጣሊያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ሆነ፤ ኢጣሊያም ያንን ግዴታ አድርጋ ተረጎመችው። በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲያሳውቁ ከእንግሊዝም ከጀርመንም የመጣው መልስ «በኢጣሊያ በኩል ይሁን» የሚል መንፈስ ነበረው። ነገሩ ለቤተ መንግሥቱ የተገለጠው በዚህ ነው።

አንድ ግሥ የወኪልን ሥልጣን ወደ ጌትነት ለወጠው። አስገራሚው ደግሞ ውሉ ራሱ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ቅጂዎች እንደሚስማሙና እኩል እንደሚታመኑ የሚገልጽ አንቀጽ አለው። «ይስማማሉ» ተብሎ ስለተጻፈ ግን አልተስማሙም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጉዳዩ ዓድዋ ላይ ተወሰነ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የሰላም ውል አንቀጽ 17 ከነውሉ ተሰረዘ።

ዛሬ የመሣሪያ መመሪያ የሚጽፍ ወጣት ኢንጂነር ከሁሉ በፊት የሚጋፈጠው ይህንኑ ግሥ ነው። «ወኪሉ ሥራውን እንደተጠናቀቀ ምልክት ማድረግ ይችላል» እና «ወኪሉ ሥራውን ሲጨርስ ምልክት ማድረግ አለበት» ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ናቸው። በመጀመሪያው ብዙ ያለቀ ሥራ «በሂደት ላይ» ተብሎ ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ «ሲጨርስ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልተብራራ፣ ግማሽ ላይ ያለ ሥራ «ተጠናቀቀ» ይባላል።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። መመሪያዎቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ትዕዛዙን የምንሰጠው በአማርኛ ነው። «እስኪ ይህን ነገር እየው» ስንል «ተመልከትና ንገረኝ» ማለታችን ነው ወይስ «አስተካክለው»? አማርኛ ተናጋሪ ከድምፅህ ይለየዋል። ወኪሉ ድምፅህን ሳይሆን ቃሉን ይዞ በእንግሊዝኛ መመሪያው ላይ ይፈልጋል። ሁለት ቅጂ፣ አንድ ተግባር። ውጫሌን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ክፍተት ከማንም ቀድሞ ሊያየው ይገባ ነበር።

«በጋራ» የተባለው ሥራ ብቻውን ሲሠራ

አሁን ወደ ድንበሩ እንመለስ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሃሪንግተን የኢትዮጵያና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። የመጀመሪያው አንቀጽ ድንበሩ ከኡም ሐጀር አካባቢ ተነሥቶ በገላባት አልፎ ወደ ዓባይና ወደ ባሮ እንደሚወርድ፣ መስመሩም በተያያዘው ካርታ ላይ በቀይ ቀለም እንደተሠመረ ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ ያ መስመር በመሬት ላይ የሚመለከተው ሁለቱ ወገኖች በሚሰይሙት የጋራ ኮሚሽን ነው ይላል።

መልካም ነው። ግን ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ባይመጣስ? ሥራው ይቁም ወይስ ይቀጥል? ከቀጠለ የሚተከለው ምልክት ጊዜያዊ ነው ወይስ የመጨረሻ? አንቀጹ ዝም ይላል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት ወሰኑን በመሬት ላይ ምልክት አደረገ። በካርታ ላይ የተሳበች ቀጭን ቀይ መስመር በመሬት ላይ ስፋት አላት። ኮረብታው ወደ የት ይሁን፣ ወንዙ የማን ነው የሚለውን የሚወስነው ቦታው ላይ የቆመው ሰው ነው። ቦታው ላይ የቆመው ደግሞ የአንድ ወገን ሰው ብቻ ነበር። «የግዊን መስመር» የሚባለው ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስትከራከርበት የኖረችው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፦ የጋራ ተብሎ የተጻፈው በአንድ እጅ ተሠራ።

ግዊንን እንደ ወንበዴ መሣል አያስፈልግም። ሥራ ተሰጠው፣ ወጣ፣ ጨረሰ፣ ሪፖርት አደረገ። የኤአይ ወኪልም ጠባይ ይኸው ነው። ለመጨረስ ይገፋል። «የሁለት ሰው ማረጋገጫ ያስፈልገዋል» የተባለ ሥራ ሲገጥመው፣ ሁለተኛው ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚያደርግ ካልተጻፈለት ዝምታውን እንደ ፈቃድ ሊወስደው ይችላል። ማንም ክፉ ሳያስብ መስመሩ ይሠመራል።

ከ69 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972)፣ የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ የግዊንን መስመር እንደ መነሻ ተቀበሉ። ከዳግላሽ ተራራ በስተሰሜን ስላለው የእርሻ መሬት ግን የመጨረሻ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ያለው ይዞታ ባለበት ይቆይ ተባለ። የመጨረሻ መፍትሔው መቼ፣ በማን፣ ካልተገኘስ ምን የሚለው ቀን አልተቆረጠለትም። በሥራ ዝርዝር ቋንቋ፦ ሁኔታ «በሂደት ላይ»፣ ኃላፊ ባዶ፣ የመጨረሻ ቀን ባዶ። በነጋታው ደርግ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ስደት መጣ።

ይህ «በሂደት ላይ» ወረቀት ላይ ተኝቶ መሬቱ ላይ ግን ሰው ነበረ። የሚያርስ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራ፣ ለቀን ሥራ ከደጋ የሚወርድ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን፣ የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ ገባ። ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ማሳቸውን፣ ምርታቸውን፣ ትራክተራቸውን ትተው ወጡ። የሱዳን አርሶ አደሮችም በበኩላቸው ለዓመታት ከመሬታችን ተገፍተናል ይሉ ነበር። ማን ትክክል ነው የሚለውን ዛሬ እዚህ አልፈርድም። በሁለቱም ወገን ዋጋ የከፈለው ግን ውሉን ያልጻፈው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ከጽሑፉ ጋር ያልተሞላው ባዶ ቦታም ይወረሳል።

«ነገሩ የጉልበት እንጂ የቃል አልነበረም»

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። አንቀጽ 17 ቃል በቃል ቢጣጣምም ኢጣሊያ መምጣቷ አይቀርም ነበር። የ1894ቱ ውል ጥንቅቅ ተደርጎ ቢጻፍም እንግሊዝ የፈለገችውን ታሠምር ነበር። ወረቀት መድፍ አያቆምም።

እውነትነት አለው። ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ምኒልክ ሲከራከሩ የቆሙበት መሬት የአማርኛው ቅጂ ነው። ያ ቅጂ ባይኖር ክርክራቸው «አልመሰለኝም ነበር» ከማለት አያልፍም ነበር። የራስህ ቅጂ በራስህ ቋንቋ በእጅህ መኖሩ ጦርነት ባያስቀር እንኳ እውነቱ የት እንደነበር ያሳያል። ሁለተኛ፣ ተቃውሞው ራሱ ለኤአዩ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ወኪሉ ሊያደርገው የማይገባውን በመመሪያ መከልከል ብቻ አይበቃም። መሣሪያው ራሱ ያንን በር እንዳይከፍት ሆኖ መሠራት አለበት። «እባክህ አትሰርዝ» የሚል ጽሑፍና መሰረዝ የማይችል መሣሪያ አንድ አይደሉም።

ሕጋችን ቀድሞ ያወቀው ነገር

የሚገርመው መፍትሔውን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና የደነገገው ዛሬ ለኤአይ መሣሪያ መመሪያ ቢገለበጥ አያሳፍርም።

ሕጉ ውክልናን በሁለት ይከፍላል፦ ጠቅላላና ልዩ። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለወኪሉ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 2204 የአስተዳደር ሥራ የሚባሉትን ይዘረዝራል፤ ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማያልፍ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈልን የመሳሰሉት ናቸው። የእርሻ ምርትን፣ ሊሸጥ የታሰበን ዕቃ፣ ቶሎ የሚበላሸውን መሸጥም በዚሁ ይቆጠራል። ቋሚ ንብረት መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ መክሰስና መከሰስ ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ።

ለቆላው ሰው ቢተረጎም እንዲህ ነው። ጎንደር የተቀመጠ ባለሀብት መተማ ላለው ወኪሉ «በነገሬ ሁሉ ወክዬሃለሁ» ብሎ ቢጽፍለት ወኪሉ ሰሊጡን መሸጥ ይችላል፤ በማሳው ላይ ያለውን ቤት ግን መሸጥ አይችልም። «ሁሉ» የሚለው ቃል እንኳ ሁሉን አይሰጥም። ሊመለስ የማይችለው በስሙ ተጠርቶ መፈቀድ አለበት። ወኪሉም በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ለላኪው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ከዚህና ከድንበሩ ታሪክ ተነሥተን፣ ለኤአይ ወኪል የሚጻፍ የሥራ ማረሚያ መመሪያ ቢያንስ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች መመለስ አለበት እላለሁ።

1. ባዶ የተተወ ቦታ ምን ማለት ነው? ይቆይ ወይስ ይሰረዝ?

2. የቱ «ይችላል» ነው፣ የቱ «አለበት» ነው፣ የቱስ «በጭራሽ»? በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱ አይቀላቀሉ።

3. የአስተዳደር ሥራው የቱ ነው? ቀን መቀየር፣ ማስታወሻ መጨመር ይመለሳል። ሥራ መሰረዝ፣ ኃላፊ መለወጥ፣ «ተጠናቀቀ» ማለት በስም የተሰጠ ፈቃድ ይፈልጋል።

4. ሁለተኛው ወገን ዝም ካለ ምን ይደረጋል? መልሱ «ቁምና ንገረኝ» ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ይጻፍ።

5. ከለውጡ በፊት የነበረው የት ይቀመጣል? ማን ለወጠው፣ መቼ፣ በማን ትዕዛዝ? ያለፈው ካልተመዘገበ የሚከራከሩበት ቅጂ የለም።

ይህ ሁሉ ለምን ይመለከተናል?

«እኛ መብራት በፈረቃ እያገኘን ስለ ኤአይ ወኪል ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። መልሴ ቀላል ነው። የመንግሥት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። የፋይዳ መታወቂያ አለ፣ የመሬት ይዞታ ምዝገባ አለ፣ የዕርዳታ ተረጂዎች ዝርዝር አለ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ የእህሉ ራሽን የሚወሰነው በዝርዝር ላይ ባለው አንድ ረድፍ ነው። እነዚህን ዝርዝሮች ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚያርመው ወኪል ማሽን መሆኑ የማይቀር ይመስላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይደክመውም።

ያን ጊዜ አንድ የቢሮ ሰው ወይም ወጣት ፕሮግራመር ቁጭ ብሎ አንዲት ገጽ ይጽፋል። «ይህ መሣሪያ የባለይዞታን መዝገብ ያስተካክላል» ይላል። ከዚያ በታች የሚጽፋት እያንዳንዷ ግሥ፣ የሚዘነጋት እያንዳንዷ ባዶ ቦታ፣ ገጿን ፈጽሞ የማያነብ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ታርፋለች። ገበሬው ሲጠራ «ሲስተሙ እንዲህ ይላል» ይባላል። ማን ለወጠው ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ከሌለ፣ የተወካዩ ሥራ ያለ ላኪው ተፈጸመ ማለት ነው።

ስለዚህ የምትሠሩ ልጆች፣ ያችን ገጽ አትናቋት። የምትገዙና የምታዙ ኃላፊዎች፣ ዕቃውን ከመረከባችሁ በፊት ገጿን አስነብቡ፤ በአማርኛም ትኑር፣ ሁለቱ ቅጂዎች መስማማታቸውንም «ይስማማሉ» ብሎ በመጻፍ ሳይሆን በመፈተን አረጋግጡ። እኛም ተገልጋዮቹ የመጠየቅ መብት አለን፦ ይህ ወኪል በስሜ ምን ማድረግ ይችላል? ምን አይችልም? ሲሳሳትስ የበፊቱ ቅጂ የት አለ?

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። በተለይ የመሬት አስተዳደር ወይም የሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ያለው መመሪያ ከአምስቱ ጥያቄዎች ስንቱን እንደሚመልስ ብትነግሩን ደስ ይለኛል።